«100,000 ሉመን» የተጻፈበት ባትሪ

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ከልብስና ከመድኃኒት ቀጥሎ ከማይጠፉ ዕቃዎች አንዱ የእጅ ባትሪ ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአክስቴ አንድ ይዤላቸው ሄድሁ። ከኢንተርኔት ገበያ የገዛሁት፣ ከስንዝር የሚበልጥ፣ ሳጥኑ ላይ «100,000 ሉመን» የሚል ጽሑፍ በደማቅ ቀለም የታተመበት ባትሪ ነበር። በትምህርቴ መሐንዲስ ነኝና ቁጥሩ እውነት ሊሆን እንደማይችል አውቅ ነበር። ይሁን እንጂ «ከዐሥር አንዱ እንኳ እውነት ከሆነ ይበቃል» ብዬ ራሴን አታልዬ ከፈልሁ።

በዓመቱ ስመለስ ያ ባትሪ በፎጣ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። አክስቴ ሌሊት ሲነሡ የሚይዙት ከሰፈር ሱቅ የገዙትን፣ ሁለት ድንጋይ የሚወስድ ትንሽ ባትሪ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ያንተው ሲበራ ዓይን ያጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይግላል፤ ከዚያ ይሞታል። እኔ የምፈልገው መብራት ሲጠፋ እስኪነጋ የሚያቆየኝን ነው» አሉኝ።

በውጭ አገር ስማር የብርሃን መጠን የሚለካበትን መሣሪያ በቤተ ሙከራ አይቻለሁ። ውስጡ ነጭ የተቀባ ትልቅ ባዶ ሉል ነው። መብራቱ ወደ ውስጥ ሲበራ ብርሃኑ በየአቅጣጫው እየተንጸባረቀ ይዳረስና አንድ ቁጥር ይወጣል። አክስቴ ያን ሉል አይተውት አያውቁም። ነገር ግን ሉሉ የማይነግረንን ሦስት ነገር በሦስት ዐረፍተ ነገር ነገሩኝ፤ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ፣ ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ኃይሉ ስንት ሰዓት እንደሚዘልቅ። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው። የእጅ ባትሪን በሉመን ቁጥር ብቻ እየመረጥን የምንልክ ሰዎች ለወገኖቻችን የምንልከው የሁለት ደቂቃ ትርኢት ነው።

አማርኛ ራሱ እዚህ ላይ ከገበያው ይልቅ አስተዋይ ይመስለኛል። ሌሎች ቋንቋዎች ዕቃውን በብርሃኑ ወይም በችቦ ሲሰይሙት እኛ በአጭሩ «ባትሪ» አልነው፤ ውስጡ የሚገባውን ደግሞ «ድንጋይ»። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ አንዳንዴም በጥርስ ነክሶ አንድ ምሽት የጨመረ ትውልድ የዚህ ዕቃ ነፍስ ከአምፖሉ ይልቅ ከጀርባው እንዳለች ያውቃል። የፀሐዩ ዘዴም ከንቱ እምነት አልነበረም። ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኬሚካዊ ሂደት ስለሚያፋጥን የተዳከመ ድንጋይ ለጥቂት ጊዜ ይነቃል።

የዛሬው ኤልኢዲ እዚህ የደረሰው በረጅም ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኒክ ሆሎንያክ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ አሳየ። ሰማያዊው ግን ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል እንቢ ብሎ ቆየ። በመጨረሻ ጃፓናውያኑ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ፣ እንዲሁም በጃፓን ተወልዶ ያደገው ሹጂ ናካሙራ መፍትሔውን አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጣቸውም ለዚሁ ነው። ነጭ የምንለው የእጅ ባትሪ ብርሃን በአብዛኛው ከሰማያዊ ኤልኢዲ የሚወጣ ነው። በላዩ የተለበጠው ቢጫ ዱቄት ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጣል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ለዓይናችን ነጭ ይመስላሉ። በቀድሞው ባለ ክር አምፖል አንድ ዋት ኃይል የሚሰጠው ዐሥር ሉመን ገደማ ነበር። ጥሩ ኤልኢዲ ዛሬ ከመቶ በላይ ይሰጣል፤ ምርጦቹ ሳይጨናነቁ ሲሠሩ ከ150 ያልፋሉ።

እንግዲህ ያን 100,000 ሉመን በዚህ እንመዝነው። ለአንድ ዋት 150 ሉመን ብለን በደግነት ብንሰጠው እንኳ 667 ዋት ያህል ኃይል ያስፈልገዋል። የአክስቴ ባትሪ ውስጥ የነበረችው በዓለም ገበያ 18650 የምትባለው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያላት አንዲት የሊቲየም ድንጋይ ናት። ጥሩ የሆነችው 3.6 ቮልትና 3500 ሚሊአምፒር-ሰዓት፣ ማለትም 12.6 ዋት-ሰዓት ትይዛለች። በዚህ ስሌት ድንጋይዋ በ68 ሰከንድ ባዶ ትሆናለች። ለዚያውም 185 አምፒር ያህል መስጠት ይጠበቅባታል፤ ይህ የመኪና ሞተር ማስነሻ የሚስበውን ያህል ነው። ከኃይሉም ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሙቀት ሆኖ ስለሚወጣ ባለቤቱ የያዘው ባትሪ መሆኑ ቀርቶ የጋለ ካውያ ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል፣ የመኪና የፊት መብራት የሆነ ባለ 55 ዋት ሃሎጅን አምፖል የሚሰጠው 1500 ሉመን ገደማ ነው። በኪስ የሚያዝ ዕቃ የስልሳ መኪና አምፖል ብርሃን አለኝ ሲል ሻጩ የሚተማመነው ማንም ማካፈል እንደማይሞክር ነው።

ያችኑ ድንጋይ በልክ ስንጠቀምባት ግን ታሪኩ ይለወጣል። በአስተላላፊው ሰርኪዩትና በሌንሱ የሚባክነውን ቀንሰን በዋት 100 ሉመን ብቻ ብንይዝ፣ 12 ዋት-ሰዓት 1200 «ሉመን-ሰዓት» ይሆናል። ይህን ሀብት በአንድ ሰዓት መጨረስ ይቻላል፤ 1200 ሉመን ለአንድ ሰዓት። ወይም 100 ሉመን ለ12 ሰዓት። አንድ ሻማ በዙሪያው የሚሰጠው ብርሃን 12 ሉመን ገደማ ስለሆነ 100 ሉመን የስምንት ሻማ ያህል ነው። የኢትዮጵያ ሌሊት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። አንዲት የአውራ ጣት ያህል ድንጋይ ከምሽት እስከ ንጋት ስምንት ሻማ ታበራለች ማለት ነው። ለእኔ የዘመናችን ተአምር ይህ ነው፤ ማንም ግን በሳጥኑ ላይ በደማቅ ቀለም አይጽፈውም።

ሉመን ሐሰት ሳይሆን እውነት ሆኖ ሲጻፍም ብቻውን አይበቃም። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው፤ ካንዴላ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተጠናከረ የሚነግረን ነው። አትክልት የሚያጠጣ ሰው የጎማውን አፍ በአውራ ጣቱ ሲጫን የውኃው መጠን አይጨምርም፤ ርቆ መሄዱ ግን ይጨምራል። የባትሪ አንጸባራቂና ሌንስ የዚያ አውራ ጣት ምትክ ናቸው። ስለዚህ እኩል 500 ሉመን ያላቸው ሁለት ባትሪዎች አንዱ ግቢውን በሙሉ እንደ ወተት ሲያለብስ፣ ሌላው ከአጥሩ ማዶ ያለውን ዛፍ ብቻ እንደ ጦር ሊወጋ ይችላል።

ንድፉም ከዚህ ይነሣል። ጥልቅና እንደ መስታወት የለሰለሰ አንጸባራቂ ብርሃኑን ሰብስቦ ሩቅ ይወረውራል፤ ዙሪያውን ግን ያደበዝዛል። እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሻከረው አንጸባራቂ ትንሽ ርቀት ይከፍልና ከመሐል ወደ ዳር በዝግታ የሚለዝብ ብርሃን ይሰጣል። በትናንሾቹ ባትሪዎች አሁን አሁን የሚበዛው ጠጣር የፕላስቲክ ሌንስ ሲሆን፣ ብርሃኑን በውስጡ እያንጸባረቀ ወደ ፊት ይመራል፤ አጭርና ቀላል ባትሪ ለመሥራት ይመቻል። አፉ ወደ ፊት የሚሳበው ባለ «ዙም» ባትሪ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚሸጥና ከሁሉ ይልቅ የሚያባክን ነው። ሲሳብ ግድግዳው ላይ የምትታየው አራት ማዕዘን የኤልኢዲው የራሱ ምስል ናት። ሌንሱ ከኤልኢዲው ስለራቀ ወደ ጎን የሚሄደው ብርሃን የቱቦውን ጥቁር ግድግዳ መትቶ እዚያው ይቀራል። ገዢው «ኃይሉ ጨመረ» ይላል፤ በእርግጥ የሆነው የብርሃኑ ብዙው ክፍል ተጥሎ ቀሪው መጥበቡ ነው።

ርቀትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የወጣው ኤፍ.ኤል.1 የተሰኘ የእጅ ባትሪ መለኪያ ግልጽ ስምምነት አለው። የባትሪ «ርቀት» የሚባለው ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ የሚወርድበት ቦታ ነው፤ ይህም በጠራ ሰማይ ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠውን ያህል ነው። 10,000 ካንዴላ ያለው ባትሪ 200 ሜትር ይደርሳል። ወደ 400 ሜትር ለማሳደግ ግን እጥፍ አይበቃም፤ አራት እጥፍ፣ ማለትም 40,000 ካንዴላ ያስፈልጋል። ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ይሳሳልና። ዓይናችንም የራሱ ስስት አለው። ብርሃኑ ሁለት እጥፍ ሲሆን እጥፍ ሆኖ አይታየውም፤ እንዲያ እንዲታየው በብዙ እጥፍ መጨመር አለበት። ከ800 ሉመን ወደ 1000 ለመዝለል ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ጎን ለጎን ካላበራቸው በስተቀር ልዩነቱን አያየውም።

ይህ መለኪያ ለገዢው ትልቅ ውለታ ነው፤ ሆኖም ሐቀኛ አምራቾች እንኳ የሚሸሸጉበት ቀዳዳ አለው። የብርሃኑ መጠን የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። የቆይታው ሰዓት ደግሞ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ ዐሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ይቆጠራል። እንግዲህ ሳጥኑ ላይ «1000 ሉመን፣ 3 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ምን ማለት ነው? ባትሪው ለሁለት ደቂቃ 1000 ሉመን ሰጥቶ፣ ሲግል ራሱን ወደ 300 አውርዶ፣ በመጨረሻ በ110 ሉመን እየተጎተተ ሦስተኛውን ሰዓት ቢያጠናቅቅ ጽሑፉ ስሕተት አይሆንም። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ አብረው ግን አይኖሩም። ከቁጥሮቹ ይልቅ የምመክረው የብርሃኑን መውረድ በሰዓት የሚያሳየውን መሥመር መፈለግ ነው። ጥሩ አምራቾች በመመሪያው ወረቀት ላይ ያትሙታል። የማያትም አምራች የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ለመጠርጠር አላመነታም።

መሥመሩ ቀጥ ብሎ ይሄድ ወይስ ይንሸራተት የሚወስነው ደግሞ በድንጋዩና በኤልኢዲው መካከል ያለው ትንሽ ሰርኪዩት ነው። በየሱቁ የምናውቀው፣ ዘጠኝ ትናንሽ አምፖሎች የተደረደሩበትና ሦስት ቀጫጭን ድንጋዮች የሚወስደው ባትሪ ብዙውን ጊዜ ይህ ሰርኪዩት የለውም። አዲስ ድንጋይ ሲገባበት ያንጸባርቃል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ትናንሾቹ አምፖሎችም ሙቀታቸውን የሚያስወጡበት መንገድ ስለሌላቸው ቶሎ ይደክማሉ። ኃይሉን የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ያለው ባትሪ ግን ድንጋዩ እየደከመ እንኳ ብርሃኑን ለሰዓታት እኩል ያቆያል። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያሻግር የአሉሚኒየም ገላ ለጌጥ የተሠራ የሚመስለው ሰው ካለ ይኸው ምክንያቱ፤ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ታፍኖ ብዙ ሉመን ለረጅም ሰዓት መስጠት አይቻልም።

ስለ ቀለም ብዙም አይወራም፤ እኔ ግን ለነርስ ወይም ለአዋላጅ ባትሪ የሚልክ ሰው ከሉመን አስቀድሞ ይህን እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ 6500 ኬልቪን ገደማ የሆነው ቀዝቃዛ ብርሃን ከተመሳሳይ ኃይል ጥቂት የበለጠ ሉመን ስለሚሰጥ ውድድሩ ገበያውን ወደዚያ ገፍቶታል። በዚህ ዓይነቱ ርካሽ ብርሃን ሥር ቀይ ነገር ይደበዝዛል፤ ደም ቡናማ ይመስላል፤ የቆሰለና ጤነኛ ቆዳ ይቀራረባል። የቀለም ታማኝነት የሚለካበት ሲ.አር.አይ. የሚባል ቁጥር አለ፤ ከፍተኛው 100 ነው። በብዙ ባትሪዎች 70 ገደማ ሲሆን 90 እና ከዚያ በላይ የሆኑትም በገበያ አሉ። ከሉመኑ ጥቂት ቀንሶ ይህን መግዛት ኪሳራ አይደለም።

የአክስቴ «ዓይን ያጠፋል» የሚለው ክስም በፊዚዮሎጂ የተደገፈ ነው። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንድ ብልጭታ ግን ያን ሁሉ በቅጽበት ይሽረዋል። ስለዚህ ሌሊት ከአልጋ ወደ ደጃፍ ለሚሄድ ሰው ከትልቁ ብርሃን ይልቅ ትንሹ ይጠቅመዋል። ጥሩ ባትሪ ከ1 እስከ 5 ሉመን የሚሰጥ ዝቅተኛ ደረጃ ሊኖረው ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲበራ ከዝቅተኛው ሊጀምር ይገባል። ብልጭ ድርግም የሚል አደናጋሪ ስልት ሦስቴ ሳይጫኑ የማይጠፋበትን ባትሪ ለአረጋዊ ሰው የነደፈው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ድንጋዩ ልመለስ፤ አደጋውም ያለው እዚያ ነው። «9900 ሚሊአምፒር-ሰዓት» የተጻፈባቸው 18650 ድንጋዮች በየገበያው ሞልተዋል። በዚህ መጠን የሚሠሩት ታማኝ ድንጋዮች አብዛኛውን ጊዜ ከ2500 እስከ 3500 ነው የሚይዙት፤ በቅርቡ የወጡት ቢበልጡም ጥቂት ነው፤ ወደ 9900 የቀረበ የለም። በኩሽና ሚዛን ማጣራት ይቻላል። እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ በጣም የቀለለው ውስጡ ባዶ የሆነ ወይም ያገለገለ ነው። ሊቲየም ተሳስቶ ሲሞላ ወይም ሲቀጠቀጥ የሚነድ ነገር ነውና የማይታወቅ ድንጋይ በአልጋ አጠገብ ሲሞላ እንዲያድር ማድረግ ቀልድ አይደለም። ለተጓዦችም አንድ ማሳሰቢያ፤ ለብቻው የተያዘ የሊቲየም ድንጋይ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ጫፎቹ ተሸፍነው በእጅ ሻንጣ መያዝ አለበት። ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ለሆነው የአየር መንገዱ የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም፤ 12.6 ዋት-ሰዓት ያላት ድንጋያችን ከዚህ እጅግ ታንሳለች።

ከጀርባው ወጥታ ሶኬት ላይ የምትሰካ ጥርስ ያለው ርካሽ ባትሪ ብዙ ጊዜ ውስጡ ትንሽ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ አለው። ይህ ዓይነቱ ባዶውን ሲቀመጥ ይበላሻል። መብራት ለሳምንት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ባዶውን መቀመጡ የማይቀር ነው። የመሙያ ዕድል በማይታመንበት ቦታ እኔ የማደላው በሰፈር ሱቅ የሚገኘውን ተራ ድንጋይ ወደሚወስድ ባትሪ ነው። አምራቾች ስለ ዩ.ኤስ.ቢ መሙያ ሲኩራሩ የሚያስቡት ገዢ ግድግዳው ላይ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ሰው ነው።

ይህም የአገር ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ በበረዶው ወቅት ሚሊዮኖች ያለ መብራት ቀርተዋል። ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ደግሞ ስፔንና ፖርቱጋል በአንድ ቀትር ጨለሙ። እንዲህ ባለው ቀን ስልክን እንደ ባትሪ ማብራት መልእክት የሚላክበትን ኃይል ማቃጠል ነው።

ሁለት ባትሪ ይዞ የተሻለውን መለየት የሚፈልግ አንባቢ ሉል አያስፈልገውም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ወደ ጣሪያ ያብራው፤ ስልኩ ላይ የብርሃን መለኪያ ፕሮግራም ጭኖ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ያስቀምጠው። የስልኩ ቁጥር በራሱ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱን ለማወዳደር ግን ይበቃል። በ30ኛው ሰከንድ አንድ ጊዜ፣ በ10ኛው ደቂቃ አንድ ጊዜ ይመዝግብ። በኋላም በብርሃኑ ፊት እርሳስ በፍጥነት ያወዛውዝ፤ እርሳሱ ተቆራርጦ ብዙ ሆኖ ከታየው ብርሃኑ እየበራ እየጠፋ ነው፤ ለረጅም ንባብ አይመችም።

ሩቅ የሚወረውር ባትሪ አያስፈልግም እያልሁ አይደለም። ጅብ በሚያንዣብብበት መስክ ከብት የሚጠብቅ ወይም ሰፊ ግቢ የሚዞር ጥበቃ ካንዴላ ያስፈልገዋል። ቅሬታዬ ለእነርሱ የተሠራው ዕቃ፣ ለዚያውም በሐሰተኛ ቁጥር ተሸፍኖ፣ ለሁሉም ሰው ስጦታ መሆኑ ነው። ላኪዎቹ እኛ ነን፤ ቅር የተሰኘው ተቀባይ ደግሞ ለውለታው ሲል ዝም ይላል። ሻጩም ስለዚህ ቅሬታ ሰምቶ አያውቅም።

ባለፈው ጉዞዬ ለአክስቴ የወሰድሁት የእጅ መዳፍ የማይሞላ፣ ሁለት ተራ ድንጋይ የሚወስድ፣ ከ3 ሉመን ጀምሮ እስከ 150 የሚደርስ፣ ብርሃኑ ለዘብ ያለ ባትሪ ነበር። ሲያዩት «ይቺ ናት?» አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ይናገር ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ስደውል ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ካወራን በኋላ፣ «እግረ መንገድህን» አሉኝ፣ «ለጎረቤቴም እንደዚያች ያለች አንድ ላክላት። ትልቁን ግን እዚያው ተወው።»